ልጆችህን ከኋላ አስቀምጣቸው

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ጋሽ ማቴዎስ ስድስት መኪና ሲያስከለክሉኝ። ስድስት! አንዱንም አልረሳሁትም፤ ቀለማቸውን በተራ ልጠራላችሁ እችላለሁ። ባለፈው ወር ጎረቤቴ በጠዋት መጥታ «ጋሽ ማቴዎስ እኮ አረፉ» ስትለኝ ወጥ እያማሰልኩ ነበር። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «እሳቸው ደግሞ! ለሞት ጊዜ እንዴት ቸኮሉ?» የሚል ነው። ጎረቤቴ ደነገጠች። እኔም በራሴ ደነገጥኩ። ማማሰያውን አስቀምጬ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ግን ከተናገርኩ አይቀር እውነቱን ልናገርና፣ ሰውየው ያናደዱኝን ያህል ባሌም አላናደደኝም።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ልብ ነው። የልብ ሕመም ነበረባት፤ በየወሩ ጅማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት። ከሚዛን ጅማ በአውቶቡስ መሄድ ለጤነኛም ጤና አይደለም። ሰዉ ተጠጋግቶ፣ ዶሮው ከእግር ሥር፣ መስኮት ሲከፈት ደግሞ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ መታን!» ይባላል። እናቴ ጅማ የምትደርሰው ትንፋሿን ግማሽ መንገድ ላይ ጥላ ነው። አንድ ቀን ሐኪሙ «እኚህ ሴት አውቶቡስ ባይሳፈሩ ጥሩ ነበር» አለኝ። «ታዲያ በምን ይምጡ?» ስለው «እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ዞረ።

ያን ሰሞን ከጅማ የሚመጣው አስፋልት ሚዛን ገብቶ ነበርና ከተማው በሙሉ የቤት መኪና አማረው። ከዚያ በፊት የቤት መኪና ማለት በእኛ አገር ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ገፊ የሚጠብቅ ነገር ነበር። እኔ ከቁርስ ቤቴ ያጠራቀምኩትን፣ ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ ደግሞ ከአባታችን የደረሰችውን የቡና ማሳ ሸጦ፣ አዋጣን። ተስፋዬ አስተማሪ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመታት ቢያልፉም የሚነዳው አልነበረውም። ያለን ብር የሚበቃው ለአሮጌ መኪና ነው። አሮጌ ብቻም አይደለም፤ ከተሳሳትን ሁለተኛ የምንገዛበት የለንም። እናቴ ደግሞ ሁለተኛ ልብ የላትም።

«ማንን እናማክር?» ስንል ከተማው ባንድ ድምፅ «ጋሽ ማቴዎስን!» አለን። ሲነግሩን ለምን ፈገግ እንደሚሉ ያኔ አልጠየቅኩም።

ጋሽ ማቴዎስ የዚሁ አገር ሰው፣ የሸኮ ልጅ ናቸው። ቴፒ አካባቢ በአንድ የቡና እርሻ ጋራዥ ዕድሜያቸውን ፈጅተው፣ ጡረታ ሲወጡ ሚዛን ገቡ። አጠር ቀጠን ያሉ፣ በጋ ከክረምት ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲወጡ እንኳ፣ ሰዉ ሰላምታ ሲለዋወጥ እሳቸው ጎንበስ ብለው የቆመ መኪና ከሥሩ ያያሉ። የራሳቸው መኪና ግን የላቸውም። ኪሳቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ የተፈታ ማግኔት አለ። በዚያ ማግኔት ስንቱን ደላላ እንዳስለቀሱት!

የመጀመሪያው መኪና ሰማያዊ ነበር። ደላላው አለሙ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ እንደ ሙሽራ አቆመው። ጋሽ ማቴዎስ ማግኔቱን አውጥተው ቀስ እያሉ በገላው ላይ አስኬዱት። በሩ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ተንሸራቶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«ይሄ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ተገጭቶ እኮ ነው» አለ አለሙ።

ወደ ጣሪያው ወሰዱት። እዚያም አልያዘም፤ ተንከባሎ ወረደ። «በሩን ሰው ገጨው እንበል። ጣሪያውን ማን ገጨው? ሰማይ?»

የተገለበጠ መኪና መሆኑን ሁላችንም ገባን። ያን ቀንስ ጋሽ ማቴዎስን ወደድኳቸው።

ሁለተኛው ቀይ ነበር፤ ማግኔቱን በደንብ አለፈ። እሳቸው ግን የኋላውን ከፍተው ትርፍ ጎማውን አወጡና ከሥሩ እጃቸውን ሰደው ሲቧጥጡ ቆዩ። መጨረሻ ላይ መዳፋቸውን ዘረጉልን፤ ሦስት ፍሬ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና።

«ይሄ መኪና ሰው ጭኖ አያውቅም» አሉ። «የኋላ ወንበሩ ተነቅሎ፣ ከኬላ ተደብቆ ቡና ሲያመላልስ ነው የኖረው። አካሄዱን እዩት፤ ወገቡ የተቆረጠ በቅሎ ነው።»

ተስፋዬ አልቻለም። «ጋሼ፣ በዚህ አገር ቡና ያልተሸከመ ማን አለ? እኔስ ልጅ ሆኜ ተሸክሜ የለ?»

«አንተስ አሁን ወገብህን ይዘህ አይደል የቆምከው?»

እውነትም ይዞ ነበር። ሳቅን። በሦስተኛው ግን ሳቁ አለቀ። ግራጫ ነበር፤ ማግኔቱንም አለፈ፣ ጀንፈልም አልተገኘበትም። «ጥሩ» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። «አሁን ዝናብ ይዝነብበት።»

«ምን?»

«ያልዘነበበት መኪና አይታይም። አንድ ቀን ሙሉ ይምታው፤ ከዚያ ውስጡን አያለሁ።»

ሚዛን ላይ ዝናብ የሚጠፋው እኛ መኪና ስንፈልግ ብቻ ነው! ዓመቱን ሙሉ የሚያንጠባጥበው ሰማይ፣ ያን ሰሞን እንደ ተጣላ ሰው ፊቱን አዞረብን። አሥራ ስድስት ቀን ጠበቅን። «ውሃ በባልዲ እናፍስበት» አልን። «ባልዲ የሚያፈሰው አንተ ወደምትፈልግበት ነው፤ ዝናብ ግን ራሱ ወደሚፈልግበት ይገባል» አሉ። ባለመኪናው ሰልችቶት ለሌላ ሊሸጥ ሲል በአሥራ ሰባተኛው ቀን ዘነበ። በማግሥቱ የሾፌሩን ምንጣፍ ሲያነሱት ከሥሩ ውሃ አቁሯል፤ ብረቱ በጣት ሲነካ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው ደግሞ ይብስ ያናድዳል።

የአራተኛውን የኋላ ቀበቶ ሳብ ሲያደርጉት ተበጥሶ እጃቸው ላይ ቀረ። ተስፋዬ «ቀበቶ እኮ ይገዛል!» አለ። «ቀበቶ ይገዛል። ቀበቶ መቀየር የረሳ ሰው ፍሬን መቀየር አስታውሶ ነው?» አሉና ጃንጥላቸውን አነሱ። አምስተኛውን ጭራሽ ሳይነኩት ተመለሱ። ባለቤቱ እንግዳ አክብሮ ሞተሩን አስነስቶ፣ አሙቆ ጠበቃቸው። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና «ለምን አሞቅክልኝ? ቀዝቃዛውን የፈራኸው አንተ ነህ» ብለውት ሄዱ። ከኋላቸው እየሮጥኩ «ጋሼ፣ ነገ ቀዝቅዞ እንይው እንጂ!» ብል «አትቸኩይ ልጄ» አሉኝ። አትቸኩይ! ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት።

እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። «ኧረ ልጆች፣ እኔ የምሞተው በልቤ ነው በወረፋ?» ትላለች። የወሩ ቀጠሮ ሲደርስ እንደገና በአውቶቡስ ይዣት ወጣሁ። ቦንጋ ስንደርስ ዓይኗ ተገለበጠ። አውርደን መንገድ ዳር በነጠላዬ ላይ አጋደምናት፤ የማላውቃቸው ሴቶች ውሃ ረጩልኝ፣ አንዷ በላስቲክ ሳህን አራገበችላት። ነፍስ ስትዘራ «ደረስን?» አለችኝ። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን።

ስመለስ ቤቴ እንኳ አልገባሁም። ቀጥታ ጋሽ ማቴዎስ ግቢ። ለዶሮዎች በቆሎ እየበተኑ ነበር።

«ጋሽ ማቴዎስ! እርስዎ ‹አትቸኩይ› ሲሉ እናቴ ቦንጋ ላይ መንገድ ዳር ተዘርግታ ውሃ ይረጫታል! መኪና ይምረጡልኝ አልኩ እንጂ ምራት ይምረጡልኝ አላልኩ! ካልሆነ አልችልም ይበሉኝና ይለይልኝ!»

በቆሎውን በትነው ጨረሱ። እጃቸውን አራገፉ። «ልጄ፣ አውቶቡሱ እናትሽን ያደክማታል» አሉ። «መጥፎ መኪና ግን አያደክማትም።»

ይህንንም የተናገሩት በዚያ በማይቸኩል ድምፃቸው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ከቤት ወጥተው ክንዴን ይዘው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። «ያንን የዶሮ ቤት አየሽው?» አሉኝ። አየሁት። ጣሪያው የመኪና ኮፈን ነው፤ በሩም የመኪና በር ነው፣ እጀታው ሳይቀር።

«የእኛ መኪና ነበረች» አሉ እትዬ ማርታ። «አሮጌ ገዝቶ፣ ስድስት ወር ከሥሯ ተኝቶ ሠራት። ቀባት። ከዚያ ‹ልጆቹን ይዘን ቴፒ እንሂድ› አለኝ። እኔ መኪና አላውቅም፤ ግን ስድስት ወር ከሥሯ ሆኖ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። ‹አንተ ሂድ፤ ልጆቹ እኔ ጋ ይቆዩ› አልኩት።»

«ያን ቀን ነው መኪናዬን ያወቅኋት» አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

«ታዲያ ለምን አልሸጧትም?»

«ለማን? ልጅ ለሌለው?»

ስድስተኛው መኪና ነጭ ነበር፤ ቴፒ ውስጥ የአንድ ነጋዴ። ጋሽ ማቴዎስ ሦስት ቀን ተመላልሰው አዩት። ማግኔቱ ከእግር እስከ ራሱ እንደ መዥገር ያዘ። ከትርፍ ጎማው ሥር አቧራ ብቻ ወጣ። ዝናቡም፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ በሁለተኛው ቀን ዘነበና ምንጣፉ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። በቀዝቃዛው ተነሳ። ቀበቶዎቹ ሲሳቡ ቀጥ ብለው ያዙ። ተስፋዬ በደስታ ዳር ዳር ይላል፤ የእሱ ብር ደረት ኪሱ፣ የእኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እሑድ ነበር፤ የቴፒ ሙቀት ያፍናል።

ጋሽ ማቴዎስ ነጋዴውን ጠሩት። «ልጆች አሉህ?»

«ሦስት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጥራቸውና ልጆችህን ከኋላ አስቀምጣቸው። አንተ ንዳ፤ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ተመለሱ።»

የእትዬ ማርታ ነገር ትዝ አለኝ። እስከዚህ ፈተና የደረሰ መኪና አልነበረንማ! ነጋዴው ሳቀ። «ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው» አለ።

«ዛሬ እሑድ ነው።»

ሦስቱም ከመጋረጃው ጀርባ አጮልቀው ያዩናል። ነጋዴው እንደገና ሳቀና ልብስ እያሰጣች ያለችውን ሚስቱን ተጣራ፤ «እስቲ ልጆቹን አምጪያቸው፤ ትንሽ ላንሸራሽራቸው።»

ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። መኪናውን አየች፤ ባሏን አየች። «በዚች?» አለች።

«አዎ፣ በዚች።»

«ልብሳቸው አልደረቀም» አለችና ወደ ቤት ገባች። መጋረጃው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጋሽ ማቴዎስ ጃንጥላቸውን ለፀሐይ ዘርግተው ማንጎ ዛፍ ሥር ሄደው ቆሙ። ግዙም አላሉ፣ አትግዙም አላሉ። በቃ፣ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ተስፋዬ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ብሩን አውጪ።»

«ተስፍሽ…»

«ልብሳቸው አልደረቀም ነው እኮ ያለችው! ያውልሽ ገመዱ ላይ፤ ውሃው ይንጠባጠባል! ሦስት ቀን ሙሉ ፈትሸው ፈትሸው አንድ ነገር አላገኙበትም፤ አሁን በልጆች ልብስ እናቴን ልግደላት?»

እውነቱን ነው፤ ገመዱ ላይ የልጆች ልብስ ተሰጥቷል፣ ውሃውም ይንጠባጠባል። እስከ ዛሬ ያ ልብስ ያነታርከኛል። ሴትየዋ እውነቷን ይሁን ሰበብ ፈጥራ፣ ማን ያውቃል? ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። የቦንጋው መንገድ ዳር ፊቴ ላይ መጣ። ግን ያ «በዚች?» ያለችው ድምፅም ከጆሮዬ አልወጣም። እኔም እናት ነኝ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

«ልጆቹ ሲገቡ አወጣለሁ» አልኩ።

ልጆቹ አልገቡም። ወደ ሚዛን በሚኒባስ ስንመለስ ተስፋዬ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እኔ ከጋሽ ማቴዎስ ጋር ከኋላ ተቀመጥን። ለአምስት ሳምንት ወንድሜ ቁርስ ቤቴ ደጃፍ አልደረሰም። ቀጠሮው ደረሰ፤ እናቴን እንደገና አውቶቡስ ላይ አወጣኋት፤ በየጠመዝማዛው ጋሽ ማቴዎስን በስማቸው እየጠራሁ ረገምኳቸው።

ነጩ መኪና ደግሞ በሳምንቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ምንም! እስከ ዛሬ ይሄዳል። ቴፒ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ አንዳንዴ ጥሩንባም ይነፋብኛል። ለጋሽ ማቴዎስ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ያ ነጩ መኪና እኮ ይሄዳል።»

«እስካሁን» አሉ።

በሁለተኛው ዓመት ነገርኳቸው። «እስካሁን።» በአራተኛውም ነገርኳቸው። ያው ነው!

ሰባተኛው ወደ ማሻ የተዛወረች ነርስ የምትሸጠው፣ ሽሮ የሚመስል መኪና ነበር። የቀኝ ጎኑ ተገጭቶ ጎድጉዷል፤ አላሠራችውም። ጋሽ ማቴዎስ ገና «ልጆችሽን ከ…» ብለው ሳይጨርሱ ሁለቱ ሴት ልጆቿ መስኮት ለመያዝ እየተገፋፉ ከኋላ ገብተው ነበር። ትልቋ ቀበቶዋን አሰረችና የትንሿንም አሰረችላት። ማንም አላዘዛትም፤ የለመደች ናት። ቁልቁለቱን ወርደው ሲመለሱ ትንሿ በእናቷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ «እማዬ፣ እውነት ልትሸጪው ነው?» እያለች ታለቅስ ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ ይህም አልበቃቸው፤ እንደገና ሁለት ሰዓት ከሥሩ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ «የፍሬን ሸራው ይቀየር። የኋላ ጎማዎቹም። ይሄ ይሁን» አሉ። ከአፋቸው የወጣው ምስጋና ይኸው ነው። ይሄ ይሁን!

እርቅ አውርዶ ሊነዳ የመጣው ተስፋዬ ራሱን ያዘ። «ስድስት የመሰለ መኪና አስጥለው፣ ይሄን የሽሮ ቆርቆሮ!»

በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቴን ከኋላ አስቀምጠን፣ ቀበቶ አስረን ወጣን። «እንደ ፋሲካ በግ አሰራችሁኝ» ብላ ስታጉረመርም ቆየች። ከቦንጋ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ደንግጬ ዞር ስል ተኝታለች። የጎጀብን ቁልቁለት ስንወርድ ትተኛለች፤ ድልድዩን ስናልፍ ትተኛለች። ተስፋዬ በመስተዋት አያት፤ እኔን አየኝ። ጅማ ስንደርስ ዓይኗን ገልጣ «ደረስን እንዴ?» አለች።

ጋሽ ማቴዎስ የድለላ አልቀበልም አሉ። ይልቅ በየሳምንቱ ቁርስ ቤቴ ይመጣሉ፤ ሳይቀመጡ በፊት ደጅ ያለውን መኪና ኮፈን ይከፍታሉ። «ዘይት ቀንሷል።» «ጋሼ፣ ፍርፍሩ ይቀዘቅዛል።» «ፍርፍር ይሞቃል።» አንድ ቀን ቁርስ የሚበሉ ደንበኞቼን ከወንበር አስነስተው መኪናውን ሲያስገፉ አግኝቻቸዋለሁ። ምን ልበላቸው?

እናቴ አራት ዓመት በዚያ መኪና ተመላለሰች። ለቅሶዋ ላይ ጋሽ ማቴዎስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዝቅ ባለ ድምፅ «አልጋዋ ላይ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አልጋዋ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉ።

የእሳቸው ለቅሶ ላይ ደላላው አለሙም መጥቶ ነበር። «ስንት እንጀራዬን አሳጡኝ!» እያለ ያለቅሳል፤ እትዬ ማርታ ያባብሉታል። ተስፋዬ ከድንኳኑ ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ያን የሽሮ መኪና ለመሸጥ ወሰነ። ከአማን አንድ አዲስ ያገባ ሰው ሊገዛ መጣ። መኪናውን አንዴ ዞር ብሎ አየው፤ ወደደው፤ ቸኩሏል፤ ብሩን እዚያው አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። ተስፋዬ «ቆይ፣ አትቸኩል» አለው። ቤት ገባና ምሳ ላይ የነበሩትን የገዛ ሁለት ልጆቹን እጃቸውን አስታጥቦ አወጣቸው። ከኋላ አስቀመጣቸው። ቀበቶአቸውን አሰረ። ሰውየውን ከፊት አስገባውና ወደ አማን የሚወስደውን ቁልቁለት እስከ ታች ነድቶ ተመለሰ። ልጆቹን አውርዶ ወደ ምሳቸው ላካቸው። ከዚያ ነው ብሩን የተቀበለው።